ጺምህና ማስክህ

ይኸነው፣
የምትተፋበትን ሳፋ አጥቤዋለሁ። ዳግመኛ ግን አልነካውም፤ ሊያስመልሰኝ ነበር! ትናንት የተፋኸው ግራጫ አክታ ላይ የአከራያችን የእትዬ እንቁ ዶሮ ቆማ፣ እግሯ ተጣብቆ በመዶሻ ነው ያላቀቅናት። ማርያምን!

ድንጋይ መፍጫው ጋ ማስክ አጥልቀህም የምትስለው በጺምህ ምክንያት ነው። ማስኩ ፊትህ ላይ አይገጥምም፣ አቧራው በጎን ይገባል። የማስኩን ማጣሪያ መቀየር የአለቃችን ሥራ ነው፤ ዛሬ ተጣልቼም ቢሆን አስቀይረዋለሁ። ጺሙ ግን ያንተ ሥራ ነው።

በአባትህ ሐዘን እንዳሳደግኸው አውቃለሁ። በሰው ፊት "አውራ ፍየል" ያልሁህም...
ተወው።
ተዝካራቸው ወጥቷል እኮ።

ምላጭና ሳሙና ትራስህ ላይ አለልህ። ሳትላጭ ሥራ እንዳትመጣ። እዚህ ቤት ሁለተኛ ለቅሶ አልቀመጥም።

ደረሰ