በሰም ክር የታሰረው ሽቦ

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ ኢስማኢል፤

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የድሬዳዋ ሙቀት ለጉልበት ይስማማል ይላሉ፤ እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል። የእትዬ ነስሪን ደም ግፊት ወረደላት? ልጆቹ ትምህርት እየሄዱ ነው? እኛ ደህና ነን። ጋራዡም በቦታው አለ፤ ጣሪያው ብቻ ተቀይሯል።

ይህን የምጽፍልዎት ስለ አንድ ሽቦ ነው። በስልክ እቸኩላለሁ፤ ይህ ደግሞ በችኮላ የሚነገር አይደለም።

ጡረታ የወጡትን የሒሳብ መምህር፣ ነጭ ዲኤክስ መኪና ያላቸውን ኦቦ ባቻን አይረሱም። ልጃቸው ኬኔ ቢላ ከተማ ከወለደች ሁለት ወር ሆናት። በኦፕራሲዮን ስለሆነ ገና መንገድ አልተፈቀደላትም። እናቷ አዴ ድርቤ ደግሞ ሳንባቸው አቧራ አይችልም፤ የቢላ መንገድ በዚህ ወቅት ምን እንደሚመስል ያውቁታል። መስኮት ዘግተው እንዲሄዱ ኤሲው መሥራት አለበት። በጥር ሞክረው ነበር። ኤሲው መንገድ ላይ ጠፋ፣ ሙቀቱ ሲያፍናቸው መስኮት ተከፈተ፤ ከግማሽ መንገድ ተመልሰው አዴ ድርቤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። የልጅ ልጃቸውን አላዩም።

ኦቦ ባቻ መኪናዋን ሲያመጡልኝ ሳልመረምር፣ ኮምፕሬሰሩ አርጅቷል አልኳቸው። አዴ ድርቤ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ አምና ይህችን መኪና ያዳንካት አንተ አይደለህም እንዴ ልጄ፣ አሉኝ። ስቀው ነው ያሉት፤ ወዲያው ሳል ያዛቸው።

ሳላቸው አላስተኛኝ ብሎ በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ፊውዙ ደህና ነው። ጋዙ ሙሉ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያቀብለው ሪሌ ይሆናል ብዬ የክላክሱን ነቅዬ በኤሲው ሪሌ ቦታ ሰካሁ፤ ለውጥ የለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ኮምፕሬሰሩ ይይዛል፤ ሲግል ይለቃል። ስለዚህ የፍተሻ አምፖሏን ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ከሚገባው ሽቦ ጋር በረጅም ገመድ አገናኝቼ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኳትና መስኮቱን ዘግቼ ጠበቅሁ።

ቀትር ነበር። ከመስታወቱ ውጭ የሰፈራችን የባኬ ጃማ መንገድ ያለ ድምፅ ያልፋል፤ ባጃጅ፣ አህያ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት። ውኃ ሥር የተቀመጥኩ መሰለኝ። ቀዝቃዛው ንፋስ ፊቴን ይነካካል፣ አምፖሏ ትበራለች። እንቅልፍ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ እርስዎ ከጎኔ ነበሩ። ዓይንዎን ጨፍነው ሞተሩን ያዳምጣሉ። ጢምዎ ጥቁር ነው። አባታችንም ከኋላ ያሉ መሰለኝ፤ ዞሬ አላየሁም። ከዚያ ንፋሱ ሞቀ። ዓይኔን ስገልጥ አምፖሏ ጠፍታለች።

ሪሌው ጋ ኤሌክትሪክ አለ፤ ኮምፕሬሰሩ ጋ አይደርስም። በመካከሉ ያለው አንድ ክንድ ሽቦ ነው። የተጠቀለለበትን ቴፕ ፈታሁት። ከሥሩ የእኛ ክር ነበር፤ በሻማ ሰም የታሸ የጫማ ሰፊ ክር፣ ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ የተቋጠረ። በነቀምቴ ከእኔ በቀር እንዲህ የሚያስር የለም። አምና አይጥ የበላውን ሽቦ ስቀጥል ያሰርኩት ነው። በሞተሩ ሙቀት ሰሙ ቀልጦ በሽቦው መካከል ገብቷል፤ ሲግል መገጣጠሚያው ይላቀቃል።

ወንድም ጋሼ፣ ክሩ ውኃ እንዳያስገባ ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ። ለወለጋ ዝናብ እውነት ነው። በመብራትና በክላክስ ሽቦ ላይ ሃያ ዓመት አስሬዋለሁ፤ አንድም አልተመለሰብኝም። ሞተር አጠገብ ግን አይሆንም። እዚያ ላሉት ተማሪዎችዎ ይህን ይንገሯቸው።

ሽቦውን አጽድቼ በስታኞ በየድኩት። ዝም ብዬ ቁልፉን ማስረከብ እችል ነበር፤ ኦቦ ባቻ ግን በእኔ ቃል አዲስ አበባ ድረስ ኮምፕሬሰር እያስፈለጉ ነበር። ክሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና፣ ሆስፒታል ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። ኦቦ ባቻ ክሩን እያገላበጡ፣ ስህተቱን ራሱ ያገኘ ተማሪ ግማሽ ማርክ ይሰጠዋል አሉ። አዴ ድርቤ ግን፣ ቅዳሜ ቢላ ስንሄድ አንተም ከፊት ትቀመጣለህ፤ ከጠፋ መጀመሪያ የሚታፈነው አንተ ትሆናለህ አሉኝ።

ሄድን። ቀዩ አቧራ መስታወቱን እየዳሰሰ ወደ ኋላ ይቀራል። አዴ ድርቤ ተኝተው ነበር፤ እኔ ትንፋሻቸውንና ኮምፕሬሰሩን እያዳመጥኩ ሄድኩ። ቢላ ስንደርስ ግቢው ውስጥ ጎረቤት ጤፍ እያበራየ ነበርና አዴ ድርቤ ከአቧራው የተነሳ መውረድ አልቻሉም። ኬኔ ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ወጥታ ከጎናቸው ገባች፣ በሩ ተዘጋ። እኔና ኦቦ ባቻ ኮፈኑን ተደግፈን ቆምን። ሞተሩን አላጠፋንም። ኤሲው ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ሠራ።

ለእትዬ ነስሪን ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ ጨው ትቀንስ። ልጅዎን ረዲን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ልጅዎ አሜን ደብዳቤውን ጮክ ብላ ታንብብልዎት። ባለቤቴ ወለቴ ጉልበትዎን በዘይት እንዲያሹት ትላለች፤ ልጆቼም እጅ ይነሳሉ።

ታናሽ ወንድምዎ ሱሀይብ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.