የአባባ አሥራ አንድ እርምጃ

ጥቅምት 4
ቢሮ ተቀምጬ እርሳስ ስቀርጽ ከንቲባው ደወለ። የትውልድ ከተማዬ ሙዚየም ሊፈርስ ነው፤ አዲሱን እኔ እንድነድፈው ፈለገ። "መስታወት ይብዛበት!" ደስ አለኝ... ቀጠለና፣ "አባትሽም ከእንግዲህ አረፍ ይበሉ እንጂ።"
አባባ አስጎብኚው ነው። ዓይኑ ከጠፋ ስድስት ዓመቱ፣ አሁንም ማንም አይመራውም። መመራት ለሱ ሞት ነው።

ጥቅምት 11
አሮጌው ሙዚየም ሄድኩ። ጣሪያው ያፈሳል። አባባ ከበሩ ተነሳ፣ አሥራ አንድ እርምጃ ቆጠረ፣ እጁን ዘረጋ... የድሮው ትምህርት ቤት ደወል። ድው! ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ።
"አዲሱ ቤት ውስጥስ እንዴት ትሆናለህ?" አልኩት።
"በማላውቀው ቤትማ እኔም ዕቃ ነኝ። ጥግ አስቀምጪኝና ቲኬት ቁረጪብኝ።"
አብሬው ሳቅሁ። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 12
ተመልሼ እርምጃውን ለካሁ። ስልሳ ሁለት ሳንቲሜትር። አዳራሹን በሱ እርምጃ እነድፈዋለሁ። ማን ያውቅብኛል?

ኅዳር 30
ንድፉ ጸደቀ። አባባ ሥራውን እንዲቀጥል ለመንኩ። "ብቻቸውን መሄድ ከቻሉማ ምን ገዶኝ" አለ ከንቲባው። "ምርቃቱ ላይ እናያለን።"

የካቲት 9
ግንባታው ሁለት ዓመት ፈጀ። አባባ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ከረመ። ነገ ምርቃት።
"ከበሩ እስከ ደወሉ አሥራ አንድ ነው?" አለኝ።
"አሥራ አንድ ነው፣ አባባ።"

የካቲት 10
ከንቲባውም እንግዶቹም ተሰበሰቡ። አባባ ቆጠረ... አሥራ አንድ። እጁን ዘረጋ። አየር ጨበጠ። ደወሉ ገና ከሜትር በላይ ይቀረዋል።
የት ተሳሳትኩ? ሜትር አውጥቼ ለካሁ፤ ልክ ነው። ከዚያ እግሩን አየሁ። እርምጃው አጥሯል። ሕንፃው እስኪያልቅ ሰውዬው እንደሚያረጅ ረሳሁ! እኔ ደግሞ ባለሙያ ተብዬ...
አባባ ክንዴን ፈልጎ ያዘ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።
"ቤቱ ልክ ነው ልጄ። ያጠርኩት እኔ ነኝ።"
ከንቲባው ጉሮሮውን ጠረገ። "ግድ የለም፣ ከሦስት ቀን በኋላ ይሞክሩ።" እግዜር ይስጠው።

የካቲት 13
ትናንት ከአናጺው ጋር ደወሉን ከነማንጠልጠያው ወደ በሩ ገፋነው። ሌላውንም ዕቃ እንደዚያው ጠጋ ጠጋ አደረግነው። ለአባባ ትንፍሽ አላልንም።
ዛሬ... አሥራ አንድ። ድው! ከንቲባው ራሱ አጨበጨበ። "ሥራዎን ይቀጥሉ፣ አባቴ!"
አባባ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ። "ድምፁ ለበሩ ቀርቧል። ገፍተሽዋል።"
"ኧረ በጭራሽ!"
"ውሸታም። ለከርሞም አጥራለሁ፤ ጎማ ግጠሚለት።"
ብረት ሠሪው ጋ ደወልኩ። አራት ጎማ አዝዣለሁ።