ለአንዲት ሰርቪስ ቤት ሦስት ሽማግሌ

ይድረስ በመካኒሳ ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲያችን የተማሪዎች አገልግሎት ዲን፣ ለክቡር ዶክተር ከበበው ኖላዊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለልጅዎ፣ እንዲሁም እርስዎ በሌሉበት ሁሉ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ቢሮውን በታማኝነት ለሚጠብቀው ኮትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእኔን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ምስጋና ለመሥሪያ ቤትዎ ይግባውና እግሬ ጠንክሯል። ክረምቱን ሙሉ ከመካኒሳ ጎፋ፣ ከጎፋ ብስራተ ገብርኤል፣ ከዚያም ተመልሼ መካኒሳ፣ ቤት ፍለጋ ስዞር ሁለት ጫማ ጨርሼ ሦስተኛውን ጀምሬያለሁ።

ስሜ ትሕትና ቃለሕይወት ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ፣ የሶሲዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በቢሮዎ በር ሥር ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ቢያጡ ጊዜ፣ ሰሌዳው ቢያንስ ሰው ያነበዋል ብዬ ነው። የማቀርበው አቤቱታ አይደለም፤ ምስጋና ነው፤ እንዳይምታታም በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። በሐምሌ ወር በፊርማዎ ስለወጣው ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች መኝታ ክፍላችንን ለአዲስ ገቢዎች ለቅቀን፣ «ከዩኒቨርሲቲው በእግር ከአሥራ አምስት ደቂቃ የማይርቅ፣ ጸጥታ ያለው፣ ውሃና መብራት የማይቋረጥበት፣ ለጥናት የሚመች መልካም ቤት» እንድንከራይ ያዘዙበት ማለቴ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሳነበው እንባዬ መጣ፤ እንዲህ ያለ ቤት በአዲስ አበባ ቢገኝ ኖሮ አምባሳደሮች ነበሩ የሚሻሙበት። መልካም ቤት መግባታችንን አከራያችን በቅጽ ላይ ፈርሞ ካላረጋገጠ፣ እርስዎም ከሥሩ ካልፈረሙበት ምዝገባ እንደሌለ፣ ምዝገባውም አርብ መስከረም 23 እንደሚዘጋ ማስታወቂያው ጨምሮ ይገልጻል። ቤቱ ከየት እንደሚመጣ ግን አይገልጽም፤ ሁሉን ነገር ከመንግሥት መጠበቅ ስለማይገባ ይመስለኛል።

ሁለተኛ። ቢሮዎ ስላደለን «የመልካም ቤቶች ዝርዝር» አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ቤት ነበረበት። የመጀመሪያው ሥጋ ቤት ሆኗል፤ አስተናጋጁ ጥብስ ነው ወይስ ጥሬ አለኝ። ሁለተኛው ለመንገድ ተነሥቶ የብስክሌት መስመር ሆኗል፤ የቤቱን ቁጥር ስፈልግ አንድ ጎረምሳ ደውሉን አቃጭሎ ሊገጨኝ ነበር። ጎፋ ያለችው የሦስተኛው ቤት ባለቤት ደግሞ ስልኳን ማን ለዩኒቨርሲቲ እንደሰጠባት እስካሁን አላወቀችም፤ ልጇን ስትድር እንኳ ይህን ያህል ሰው አልደወለላትም። ከአራት እስከ አሥራ አንድ ያሉትን እንዲሁ በደፈናው አመስግኜ አልፋለሁ።

ሦስተኛ። ዝርዝሩ ባይኖር ኖሮ ደላላው ቴዎን ባላወቅሁት ነበር። ቴዎ መልካም ልጅ ነው፤ ችግሩ የሚናገረው አማርኛ የብቻው መሆኑ ነው። በእሱ አፍ «ሰፊ» ማለት አልጋው ከገባ በኋላ በሩ የሚዘጋ ማለት ነው፤ «ጸጥ ያለ» ማለት ጎን ያለው ብየዳ ቤት እሁድ እሁድ አይሠራም ማለት ነው፤ «ትንሽ ገባ ይላል» ከተባለ ደግሞ ስንቅ ይቋጠራል። በእሱ መሪነት ብስራተ ገብርኤል ደረጃ ሥር ያለች ክፍል አየሁ፣ ቁመቴን ስለማትችል እያጎነበስኩ። መካኒሳ ደግሞ በኮምፔርሳቶ የተከፈለች አንዲት ክፍል አየሁ፤ ሳስነጥስ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ» ተባልሁ፤ ጨዋ ጎረቤት ነው፣ ቤቱ ግን የሁለታችን ነው።

የሚሆን ቤት ሲገኝ ደግሞ አከራዮቹ እኔን ማየት ይጀምራሉ። «ተማሪ ነሽ?» ይላሉ፤ አዎ ስል ፊታቸው ይጠቁራል። ተማሪ ውሃ ይጨርሳል፣ ተማሪ ጓደኛ ያበዛል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ተማሪ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የሚፈልጉት የባንክ ሠራተኛ፣ ቢቻል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፊልድ የሚወጣ ሰው ነው፤ ባጭሩ ኪራዩ የሚመጣ፣ ሰውየው የማይመጣ። አንዲት እናት ስሜን ሲሰሙ «ጴንጤ ነሽ አይደል? አልጠላም ልጄ፣ ግን ስትጸልዩ ትጮሃላችሁ» ብለው አሰናበቱኝ። በማግስቱ የገዛ ሃይማኖቴ ሰው የሆኑ ሌላ እናት አብረን እንጸልይ ብለውኝ፣ ድምፄ ዝቅ ማለቱን ታዝበው እምነቴን ተጠራጠሩ። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልማዴን ቀይሬ ነበር!

አራተኛ። ይህ ምስጋና ረዘም ይላልና ይታገሡኝ፤ እርስዎንም በቅርብ ይነካል።

በዚያ ሰሞን የተጠጋሁት ሀና ማርያም፣ ከእናቴ ጓደኛ ከወይዘሮ ቡዜ ቤት ነበር። ቴዎ አንድ ቀን መጥቶ፣ ከዩኒቨርሲቲው በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ በሚርቅ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ባዶ ሰርቪስ እንዳለች፣ ነገር ግን እመቤቲቱ «ተማሪ ይዘህ ብትመጣ ውሻ ነው የምፈታብህ» እንዳሉት ነገረኝ። ወይዘሮ ቡዜ ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «እምቢ ያለ ቤት በሽማግሌ ነው እንጂ በደላላ አይጠየቅም» ብለው የዕድራቸውን ዳኛ አቶ ወጋየሁን፣ የሚኒባስ ባለቤቱን አቶ ዱጉማን፣ ሦስት እንዲሞሉም አንድ ዝምተኛ ጎረቤታቸውን ሰበሰቡ። ለኪራይ ቤት ሽማግሌ መላክ የአገር ወግ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ነሐሴ 25 ነጭ ጋቢ ደርበው ያንን በር አንኳኩ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉም እንደ ለመዱት «የመጣንበት ትልቅ ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እመቤቲቱ ሦስቱን ሽማግሌዎች አዩ፣ ጋቢውን አዩ፣ ዞር ብለውም ለትዳር የደረሰችውን ልጃቸውን ውዳሴን አዩ። ከዚያ በኋላ አቶ ወጋየሁ አፋቸውን የሚከፍቱበት ቀዳዳ አላገኙም፤ «ባለቤቴ ባሉበት ይሁን፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ተመለሱ» ተብለው ተሸኙ። አቶ ወጋየሁ በዕድሜያቸው ለሃያ ሦስት ጎረምሳ ሚስት ጠይቀው ለሃያ አንዱ ያስገኙ ሰው ናቸውና፣ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ደንብ ነው ብለው ቅንጣት ሳይገረሙ መጡ። ለአንዲት ክፍል ይህን ያህል መመካከራቸው የጨዋ ቤተሰብ ምልክት ነው ብለውም አጽናኑኝ።

የቀረውን ክቡርነትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ በቀጠሮው እሁድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ አጎትዎን ከደብረ ብርሃን አስመጥተው ሳሎኑ መሃል የተቀመጡት እርስዎ ነበሩና። አዎ፣ ቤቱ የእርስዎ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆመው ለሚያነቡ ጓደኞቼ ስል ግን ታሪኩን ልጨርሰው።

እርስዎ በአባት ወግ «ልጁ የማን ልጅ ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ወጋየሁም በቅን ልብ፣ ልጁ ልጅ እግር ሴት መሆኗን፣ ሥራ እንደሌላት፣ ተማሪ እንደሆነች፣ የምትለምነውም ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ብቻ እንደሆነ አስረዱ። እንደ ሰማሁት ከሆነ፣ በሳቅ የፈነዳችው ሽማግሌ የላከባትን ወንድ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወዳጆቿን በስልክ ስታስጨንቅ የከረመችው ውዳሴ ብቻ ነበረች። አጎትዎ ግን ዕድሜ ይስጣቸውና «ሽማግሌ ቆሞ ለምኖ ባዶ እጁን አይመለስም፤ የተጠየቅነው ልጅ አይደለም ጓሮ ነው፣ ስጡ» አሉ። እርስዎም የሰው ዓይን በዝቶብዎት «ሰጥተናል» አሉ። ከዚያማ ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ለልጅዎ የታረደው በግ በእኔ ሰርቪስ ስም ተበላ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አምስተኛ። ማክሰኞ ፍራሼን አስጭኜ ገባሁ። ሐሰት አልናገርም፣ ቤቱ መልካም ነው። ጸጥ ያለ ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ሮቶው አለ፣ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል፤ ማስታወቂያውን ሲጽፉ ከየት እያዩ እንደጻፉት ያን ጊዜ ገባኝ። ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸዋረገድም ተማሪ ውሃ እንደማይጨርስ በሳምንቱ አረጋግጠው ወዳጄ ሆነዋል። አከራዬ የገዛ ዲኔ መሆናቸውን ሽማግሌዎቹ የነገሩኝ ዕለት እልል ብያለሁ፤ ሁለቱም ፊርማ ከአንድ እስክሪብቶ ሊወጣልኝ ነው፣ ከዚህ ወዲያ መታደል ምን አለ ብዬ።

ቅጹን በወይዘሮ ሸዋረገድ እጅ ላክሁልዎ። በማግስቱ ባዶውን ተመለሰ፤ ውሉ ወረዳ ስላልተመዘገበ ማከራየትዎን በፊርማዎ ማረጋገጥ እንደማይችሉ ተነገረኝ። ቅር አላለኝም፣ ጥንቃቄ ደግ ነው። ያንኑ ቅጽ ቢሮዎ አስገባሁ። ከሦስት ቀን በኋላ በቀይ እስክሪብቶ «የአከራይ ፊርማ ይጎድለዋል፤ ተመላሽ ይሁን» ተብሎበት፣ ማኅተም አርፎበት መጣ። ማታ እቤታቸው አልፈርምም ያሉት ሰው፣ ጠዋት ቢሮ ገብተው ለምን አልተፈረመም ብለው ተቆጡ ማለት ነው! ሁለታችሁን ለማስተዋወቅ ብዙ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከሰርቪስ ተነሥቶ ሳሎን መግባት በተከራይ ደንብ ክልክል ነው፣ ቢሮዎም የሚገኘው ኮቱ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ምዝገባው ከነገ ወዲያ ይዘጋል፤ ካልተመዘገብኩ ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው። አባቴ ሆሳዕና ልብስ ሰፊ ነው፤ የምመረቅበትን ቀሚስ ጨርቅ ከአሁኑ ገዝቶ አስቀምጧል፣ ልኬቴን በስልክ እየጠየቀኝ ነው። ቤት አገኘሽ ወይ ሲለኝ አግኝቻለሁ እለዋለሁ፤ ተመዘገብሽ ወይ ሲለኝ ኔትወርኩ እንቢ አለ ብዬ እዘጋበታለሁ። እፈራለሁ፣ ክቡር ዶክተር። ደግሞም ተናድጃለሁ። ያዘዙኝን ቤት በክረምት ጭቃ እየተንቦጫረቅሁ ፈልጌ አግኝቻለሁ፤ ሦስት አባቶች ቆመው ለምነውልኛል፤ እርስዎም በአጎትዎ ፊት ቃል ሰጥተዋል። ያን ቃል በሁለት መስመር ላይ እንዲያሰፍሩት ብቻ ነው የምለምነው።

በተረፈ መሥሪያ ቤትዎ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያደርገው እንክብካቤ ለሌሎች እንዳይደርስ አምላክ ይጠብቃቸው ዘንድ እየጸለይኩ፣ በሰላም መግባትዎን በየማታው ከመኪናዎ ጥሩምባ የምረዳ፣ ወደ ጓሮ ብቅ ቢሉ ሁልጊዜ የምገኝ፣ በቀን ታዛዥ ተማሪዎ፣ በማታ ታዛዥ ተከራይዎ፣

ትሕትና ቃለሕይወት
መስከረም 21 ቀን፣ ከሮቶው አጠገብ ካለው በር

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ወይዘሮ ሸዋረገድ በር ላይ አገኙኝና ምንድን ነው ብለው ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቅጹን ጠየቁኝና በአከራይ ቦታ ላይ ራሳቸው ፈረሙበት፤ የቤቱ ካርታ ከአባታቸው የወረሱት፣ በእሳቸው ስም ብቻ የተመዘገበ መሆኑን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ነገ ጠዋት ወረዳ አብረን ሄደን ውሉን እናስመዘግባለን። ቅጹ አሁን ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እንዳደርስልዎ የላኩኝንም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ ቅጹ አሁንም ተመላሽ ከተባለ እርስዎ ወደ ቤት እንዳይመለሱ፤ ሰርቪሱ እንደሆነ ተይዟል።