ያልተቀበልኸው ግጥም

ውድ አባዬ፣

የሞተ ሰው የዚህን ዓለም ወሬ ይሰማ ይሆን? ይህን ያልጠየቀ ሐዘንተኛ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከተለያየን ጀምሮ ሁለት ክረምት ሙሉ ስጠይቅ ኖርሁ፤ የሚያውቅ ግን አላገኘሁም። አንተ ግን ሦስት ቤት ተሻግሮ የላላ ጭራ ሲገዘገዝ ሰምተህ «ማነው ይህን ማሲንቆ የሚያሠቃየው!» የምትል ሰው ነበርህና፣ ምናልባት ትሰማ ይሆናል ብዬ ጻፍሁልህ። ደግሞም የምነግርህ ደስ የሚል ነገር ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደኅና ናት። በመጀመሪያው ዓመት ጥቁሩን አላወልቅም ብላ አስቸግራን ነበር፤ አሁን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ከጎረቤት ጋር መሣቅ ጀምራለች። ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ፎቶህን ከፊት ለፊቱ ለጥፎ፣ ተሳፋሪው ሁሉ «አባትህ ናቸው እንዴ? ሠርጌ ላይ ተጫውተዋል እኮ!» እያለ ሲያስወራው ይውላል። ከጓሮ የተከልኸው ፓፓያ አፍርቷል። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ፣ ማሲንቆህን የምትቃኝባት ድንጋይ ውሃ ውስጥ ገብታለች። ስለዚህ እኔ ከፍ ብዬ ከዋርካው ሥር ነው የምቀመጠው።

አዎ፣ የምቃኘው እኔ ነኝ። አትደንግጥ።

በሕግ ከተመረቅሁ በኋላ ማመልከቻ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር ከረምሁ። አንድ ቀን ከዙረቴ ስመለስ ማሲንቆህን ከግድግዳው ላይ አወረድሁት። ቆዳው ደኅና ነው፤ ጭራውን ግን ብል በልቶት ነበር። እማዬ ስታየኝ «አምስት ዓመት ያስተማርንሽ ዳስ ለዳስ እንድትዞሪ ነው?» ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ያስታረቁን ጋሽ ልየው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ካንተ ጋር የዞሩ ሰው፣ አዲስ ጭራ በወረቀት ጠቅልለው መጡና «ልጅቱ ጆሮዋ ያባቷ ነው፣ ምን ታድርግ?» አሏት። እኔን ደግሞ እስከ ዛሬ «ዳኛዋ፣ ዛሬ ችሎቱ የት ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል።

ለእማዬ ያልነገርኋት ለምን እንዳወረድሁት ነው። ታምመህ በተኛህበት ሰሞን፣ እግርህን ሳሽልህ የነገርኸኝን ታስታውሳለህ? ከመራዊ ወዲያ ባለ አንድ ሠርግ ላይ እየተጫወትህ ነበር። ሙሽራዋ ሕፃን ናት። አያቷ ከሴቶቹ መካከል ተነሡና «ተቀበል!» አሉህ። አዝማሪ ደግሞ ከዳሱ «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም፣ ቢመርም ቢጣፍጥም፣ በዜማ ይመልሳል። ይህን ፊደል ሳልቆጥር ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ግጥማቸው ይህ ነበር፦

ጠላ እየጠጣ ሲጨፍር ሰው ሁሉ፣
ልጅቷ ስታለቅስ ለምን ነው መኳሉ?

አንተ ግን «ጭራው ላልቷል» ብለህ ማጥበቂያውን ታዞር ጀመር። ጭራው አልላላም ነበር። አያትየዋ ቆመው ጠበቁህ። «በቃ ይቀመጡ፣ እማማ» ተብለው እስኪቀመጡ ድረስ ስታጠብቅ ቆየህና፣ የሙሽራውን አባት ማወደስ ቀጠልህ። «ፈራሁ፣ ልጄ» አልኸኝ። «ከዚያ ወዲህ ስንቱን ዳስ ሞቅ አድርጌያለሁ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ቆመው ይጠብቁኛል።»

እኔ ሞኟ «ማንም ቢሆን እንዲያ ያደርግ ነበር» አልሁህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ። አባዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆጠቁጠኝ የኖረው ይህ ነው፤ አንተ እረፍት ሳታገኝ መሄድህ፣ እኔም የሚያሳርፍህ ቃል ማጣቴ።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ።

በዚህ ጥር ዱርቤቴ አካባቢ ሠርግ ተጠርተን ከጋሽ ልየው ጋር ሄድን። ሙሽራዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ተብለናል። ካባ ለብሳ፣ ሻሽ እስከ ቅንድቧ ወርዶ፣ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ዕድሜዋን ቀርቶ አፍንጫዋን እንኳ አላየሁትም። እኔም ሞቅ ብሎኝ ሚዜዎቹን በግጥም እየሸነቆጥሁ ሳስቅ፣ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ «ተቀበይ!» አለች። የሙሽራዋ አክስት ናት።

ደብተሯን ቀምታችሁ ሙሽራ ያላችኋት፣
አሥራ አራት አልሞላት እኔ ነኝ ያዘልኋት።

ዳሱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እጄ ምን እንዳደረገ ልንገርህ? ወደ ማጥበቂያው ሄደ! ሳላዝዘው፣ ልክ እንዳንተ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ያ ሁሉ ዓይን እላይህ ላይ ሲያርፍ ማሲንቆ ምን ያህል እንደሚከብድ። ጋሽ ልየውም እጄን አዩ። ጉሮሯቸውንም ጠረግ አደረጉ። አክስቲቱ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ተቀበልሁ። መጀመሪያ በቀስታ አልሁት፤ ሁለተኛ ስደግመው ድምፄ ጠራ። በሦስተኛው ከሴቶቹ ወገን አብረውኝ የሚሉ ተሰሙ።

ከዚያማ ረብሻ ሆነ። «ይቺን ቀበጥ አስወጡልን!» አለ አንዱ። የልጅቷ አባት ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ጋሽ ልየው ቀጭኗን ሰውነታቸውን ከፊቴ አቆሙ። ያዳኑን ግን የሰፈሩ ቄስ ናቸው። «አዝማሪ የሰጡትን ቢመልስ ጥፋቱ ምንድን ነው?» አሉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «ግጥሙ ውሸት ከሆነ እኔን ጠይቁኝ። ልጅቱን ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። አሥራ አራት አልሞላትም። እስካሁን ዝም ማለቴም የኔ ጥፋት ነው።»

የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ወጥተው ተማከሩ። ተመልሰው «እኛ ደርሳለች ተብለን ነው የመጣን። ሕፃን ይዘን አንሄድም» ብለው ሙሽራውን አስነሡት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። እንዲህ ሆኖ ሠርጉ ቀረ፣ አባዬ። በሕግ ትምህርት ቤት ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ጋብቻን የሚከለክለውን አንቀጽ በቃሌ ወጥቼዋለሁ፤ ዳስ ውስጥ ብጠቅሰው ግን አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ያችን ግጥም የሰሟት የራሳቸው ስለሆነች ይመስለኛል።

ሁሉም አማረ ልልህ አልችልም። የልጅቷ አባት እህታቸውን እስከ ዛሬ አያናግሯትም፤ እኔንም ገበያ ላይ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ። ግን ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ። ልጅቷ ናት፤ ትርንጎ ትባላለች፤ አሁን ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ደኅንነቷን ብጠይቃት «ኧረ እትዬ፣ ሒሳብ አቃተኝ! መምህሩ ደግሞ ክፉ ናቸው» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የአንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ጭንቀት ሒሳብ ብቻ ሲሆን ምን ያህል እፎይ እንደሚያሰኝ አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ዋርካው ሥር እየሣቅሁ አለቀስሁ።

ያኔ ከሠርጉ ስንመለስ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ባሕር ዳር ገብቶ ነበር። ጋሽ ልየው የመራዊና የዱርቤቴ አዝማሪዎችን ጠርተው እዚያው ሐይቁ ዳር ተሰበሰብን። አንዱ «እንዲህ ሠርግ ከመረጥን ማን ይጠራናል?» ብሎ ሞገተን። ጋሽ ልየውም «ያለ ማሲንቆ ሊደግሱ? ይሞክሩታ!» አሉት። ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ሞጋቹም ሣቀ። አሁን ሠርግ ሲጠሩን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሙሽራዋ ስንተኛ ክፍል ናት?» ብለን ነው። ከዳሱ የተሰጠንንም ግጥም፣ የሰጠን ማንም ይሁን ማን፣ እንቀበላለን። በጎርጎራ በኩል ያሉትም ሰምተው «እኛስ?» ብለው ልከውብናል። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ በየግቢው እየዞርን ልጆቹ ራሳቸው ግጥም እንዲሰጡን አስቤያለሁ። እማዬ «እስቲ መጀመሪያ ሥራ ያዢ» ትለኛለች። ማመልከቻውንም አልተውሁም፤ እግሬ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሎኛል።

አልረሳህም፣ አባዬ። ማሲንቆህን ባነሣሁ ቁጥር በየዳሱ ያስጨፈርኸውን ብቻ ሳይሆን ያን ቀን የፈራኸውንም አስታውሳለሁ፤ የኔን እጅ ያቆመው እሱ ነውና። ፈርተህ መቅረትህን ባትነግረኝ ኖሮ ትርንጎ ዛሬ የሰው ሚስት ነበረች። አሁን እረፍ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ አዝማሪ ካለም ዋርካው ሥር ይምጣ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አለን።

አንተ ግን ከማረፍህ በፊት አንዲት ነገር ታደርግልኛለህ። ያችን ግጥም አያትየዋን ወክዬ እኔ ልስጥህ። ዳሱ ውስጥ የምትፈራው ሰው የለም። ጭራውንም ራሴ አጥብቄዋለሁ።

ልጅህ እናትነሽ ነኝ። ተቀበል፦

ጠላ እየጠጣ ሲጨፍር ሰው ሁሉ፣
ልጅቷ ስታለቅስ ለምን ነው መኳሉ?