ለሽምግልናዬ ክብር ሲባል ድስት ጠባቂ ስለ መሾሜ

ለተከበሩ ጓድ ሐዲስ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ናዝሬት

የካቲት ወር 1975 ዓ.ም.

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ እስከ ቢሮዎ ደጃፍ ድረስ ይድረስልኝ፤ ከደጃፉ ወዲያ ያለ ቀጠሮ ስለማይገባ እዚያው ቆሞ ይጠብቅ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ በስብሰባ ወንበር እንዳይጎዳ፣ ጉሮሮዎ በንግግር ብዛት እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ እጸልይልዎታለሁ፤ ጸሎት የማይወደድ ከሆነም እመኝልዎታለሁ። እኔ ጉልበቴ ከመነዝነዙ በስተቀር ደህና ነኝ። በዕድሜ ልጄ ቢሆኑም በሥልጣን አባቴ ነዎትና አንቱ ማለቴን እንደ ሽሙጥ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ዕድሜዬን የባቡር ሐዲድ ስጠግን ስለጨረስኩ እጄ ከእርሳስ ይልቅ መዶሻ ለምዷል፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ይታረም እንጂ አይሳቅበት። ያስተማረኝ የእናንተው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሽማግሌውን ሁሉ ከየቤቱ ለቅማችሁ አግዳሚ ላይ ስታስቀምጡ፣ ማንበብ የተማረ ሰው አንድ ቀን መጻፍም እንደሚያምረው ያሰበበት ያለ አይመስለኝም። ለዚህ ውለታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሂስ ማቅረብ የሰፊው ሕዝብ መብት ነው ብላችሁ በየስብሰባው ስለነገራችሁንም፣ ያንኑ መብት ዛሬ አቧራውን አራግፌ እጠቀምበታለሁ።

ነገሩ ባለፈው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ ስለተነገረን የመዝናኛ ጉዞ ነው። በዕለቱ ያልነበረ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ላስረዳ። የቀበሌያችን ነዋሪ በአነስተኛ ወጪ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወርዶ፣ ከሰው ዓይን በተሰወረች፣ በጀልባ ብቻ በሚገባባት አንዲት የአሸዋ ዳርቻ ላይ አየር ተቀብሎ እንዲመለስ ታስቧል። ዕቅዱን ያወጡት የመዝናኛ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ገሠሠ ናቸው። ቅሬታዬም በተራ በተራ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ቁጠባው።

በዚህ ላይ ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው ያለኝ። ሆቴል የቡርዧ ነገር ነው ተብሎ መቅረቱ ተገቢ ነው። ሽንኩርት ለመጫን ባዶውን ወደ መቂ የሚወርደው የጭነት መኪና እኛን ጭኖ እስከ ዝዋይ እንዲዘልቅ፣ ሲመለስም እኛ በሽንኩርቱ ላይ እንድንቀመጥ መደረጉ፣ ሰውና ሽንኩርት በአንድነት የሚጓዙበት ዘመን መምጣቱን ያሳያል። ሽንኩርቱ እንዳይጨፈለቅ ሁሉም ሰው ቀለል ብሎ እንዲቀመጥ የተሰጠውንም መመሪያ እኔ በበኩሌ እፈጽማለሁ፤ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯን ግን ደፍሮ የሚነግራት ሰው አሁኑኑ ቢመረጥ መልካም ነው። ጭኮውም ዳቦ ቆሎውም ከየቤቱ ይምጣ፣ ዓሣው ከአጥማጆች እጅ እዚያው ተገዝቶ በእድራችን ትልቅ ድስት ይሠራ የተባለው እንከን አይወጣለትም። ድስቱን ግን አይርሱብኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አሸዋዋ ዳርቻ።

ጓድ ገሠሠ አዳራሽ ውስጥ ተነሥተው፣ አዲሱን የገለባ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ያችን ቦታ «በብርቱ ጥናት የደረስኩባት» ሲሉ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ያላጨበጨበ ሰው እንደሚታይ ስለማውቅ ነው። ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ጓድ ገሠሠ እኮ በዕድሜያቸው ያዩት ትልቁ ውሃ ክረምት ላይ ገበያው ዳር የሚተኛው ኩሬ ነው። ያችን ቦታ ያሳየችኝ ነፍሷን ይማረውና ባለቤቴ ኢፍቱ ናት። የዝዋይ ልጅ ነበረች። በተጋባን ሰሞን ወንድሟ ገመቹ በጀልባው እየቀዘፈ፣ በደንገሉ መሐል እያሹለከለከ ወሰደን። ከደንገሉ ጀርባ አሸዋዋን ቋጥኝ እንደ ክንድ አቅፎ ይዟታል፤ ከመንገድ አትታይ፣ በእግር አትደረስ። ጫማዬን አውልቄ ስቀመጥ፣ የባቡር ጩኸት የማይደርስበት አገር መኖሩን ያን ዕለት አወቅሁ። ኢፍቱ ዓሣውን በእሾህ ወግታ እሳት ላይ ትይዝልኝ ነበር።

ይህን ታሪክ አምና አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ጊዜው እንዲገፋ ብዬ ተጫወትኩት። አጠገቤ ተቀምጠው ንፍሮ ሲቅሙ የነበሩት ጓድ ገሠሠ ነበሩ። ብርቱው ጥናት የተካሄደው እንግዲህ በዚያ ድንኳን ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጀልባው ወንበርና ስለ ድስቱ።

ጀልባዋ ትንሽ ናት፤ ተመላልሳ እንድትጭንም ቁጠባው አይፈቅድም ተባለ። ስለዚህ ወደ አሸዋዋ የሚሻገሩት ጥቂቶች ሆነው፣ የቀረው ሕዝብ ወዲህ ማዶ እየዘፈነ እንዲጠብቅ ተወሰነ። ተሻጋሪዎቹ እርስዎና ባለቤትዎ፣ ጓድ ገሠሠ፣ እንዲሁም ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ተሻለች ናችሁ። እኔ ደግሞ «አባባ ብዙነህ ፀሐይና ውሃ እንዳይጎዳቸው፣ ለሽምግልናቸው ክብር ሲባል» ጥላ ሥር ተቀምጬ የእድሩን ድስት እንድጠብቅ ተሾምኩ። አባ ኮዳ የሚባለው መላጣ ወፍ ዓሣውን እንዳይነጥቅ በአርጩሜ እንድከላከልም ታዘዝኩ። ለባቡር ድርጅት ስንት ዓመት ሳገለግል እንዲህ ያለ ሹመት አላገኘሁም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይፈቀድልኝ። ጓድ ገሠሠ በዕድሜ ይበልጡኛል። እኔ በእናቴ ጀርባ ሳለሁ እሳቸው አጥር እየዘለሉ የሰው ሸንኮራ ይሰብሩ እንደነበር ወላጅ እናታቸው ነግረውኛል። ዛሬ ጠጉራቸው የጠቆረው ከእግዜር ሳይሆን ከዙህራ ሱቅ በተገዛ ቀለም ነው፤ ጠቁሮም ቢሆን በፀሐይ ሲያዩት ወደ ቀይነት ያደላል። የዋና ሱሪም አሰፍተዋል ይባላል። መታጠቢያ ሳፋ የሚፈራ ሰው የዋና ሱሪ ምን ይሠራለታል ብዬ አልጠይቅም። የሰፋችላቸው ወይዘሮ ተሻለች መሆኗንም ሰምቻለሁ። ልኩንም ወስዳለች ይባላል። ይህን የምጽፈው ቀንቼ እንዳይመስልዎ፤ ለመረጃ ያህል ነው።

አራተኛ፣ ስለ ሽምግልናው።

ይኸኛው በአዳራሽ የማይነሣ ነበር። ነገር ግን በአዳራሽ ስላስለቀሱኝ በአደባባይ ልናገር።

ወይዘሮ ተሻለችን የማያውቅ በሰፈራችን የለም፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በስፌት መኪናዋ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። በመሠረተ ትምህርቱ አንድ አግዳሚ ላይ፣ በአንድ መጽሐፍ ነው የተማርነው። ገጹን የምትገልጠው እሷ ነበረች፤ እኔ እስክጨርስ ጣቷን ወረቀቱ ጫፍ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። አንዳንዴ ጨርሼም ያልጨረስኩ እመስል ነበር። የኮቴን ቁልፍ ሳትጠየቅ ተከለችልኝ። ኢፍቱ ነፍሷን ይማረውና በመጨረሻዋ ሰሞን «ስሞት ብቻህን ቁጭ ብለህ ሽንኩርት ስትልጥ እንዳላይህ» ብላኝ ነበርና፣ እኔም ካሰብኩበት በኋላ ሽማግሌ ልላክ አልኩ።

በአገራችን ወግ ሽማግሌ አንድ ሆኖ አይላክም፤ ሦስት ይሆናል። እኔ ግን የላክሁት አንድ ነው፣ እሱም ገሠሠ ነው። (አንቱ ማለቱ ስለደከመኝ ከዚህ በታች እሱ እለዋለሁ፤ አንድ ግቢ ያደግን ነን።) ሦስት ሰው ማስቸገር ለምን አስፈለገ፣ የሦስት ሰው የሚያህል ምላስ አንድ አፍ ውስጥ እያለ ብዬ ነው። ሄደ። ተቀመጠ። ሻይዋን ጠጣ። ተመልሶ «ታስብበታለች» አለኝ። በሳምንቱ «አሳስባታለሁ» ብሎ ሄደ። በሌላው ሳምንት ለማሳሰቡ ክራቫት አሰረ። ከዚያ ወዲያ ማሳሰቡ እየበረታ ሄዶ፣ እነሆ ጀልባ ላይ ጎን ለጎን ሊያሳስባት ነው። እኔ ወዲህ ማዶ አርጩሜ ይዤ አባ ኮዳ ሳባርር፣ እሱ ኢፍቱ ባሳየችኝ አሸዋ ላይ፣ ከኔ በሰማው ወሬ፣ እኔ አደራ ባልኩት ጉዳይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ሌሊት ጎኔን ያገላበጠኝ የጀልባው ወንበር አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ቃሌን አድርሶላት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ደርሷት ከሆነ ዝምታዋ መልስ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ ድስቴን እጠብቃለሁ። ካልደረሳት ግን እኔ ሳልጠየቅ እምቢ የተባልኩ ሰው ነኝ። ፊት ለፊት ሄደህ ጠይቃት የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጎረምሳ ደጅ ለደጅ አልዞርም፤ ወግ አለኝ።

እንግዲህ የማመለክተው ይህን ብቻ ነው። ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኮሚቴው ለሽማግሌ ላሳየው ርኅራኄ፣ ጥላ ዛፍ ስለመረጠልኝ፣ አርጩሜውንም ከራሴ ቤት እንዳመጣ ስላዘዘኝ ደግሜ ደጋግሜ አመሰግናለሁ። ሥልጣንዎ እንደ ዝዋይ ውሃ የረጋ፣ ጠላትዎ እንደ ዝዋይ ደንገል የታጨደ ይሁን።

የመሠረተ ትምህርት ፍሬዎ፣ የእድሩ ድስት ዘበኛ፣
በጡረታ ላይ ያለ የሐዲድ ሠራተኛ
ብዙነህ ገመዳ
(ፊርማው የራሴ ነው፤ ጣቴን ቀለም ነክሬ አልፈረምኩም።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በኅብረት ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ የስኳር ሰልፍ በሚቆምበት በኩል ለጥፌያለሁ። ወይዘሮ ተሻለች ከኔ የተሻለ ስለምታነብ መነጽሯን ይዛ ብትመጣ ይበቃታል።

ሌላም ረስቼ ነበር። ኮሚቴው ጀልባዋ የማን እንደሆነች ሳያጠያይቅ ቀን መቁረጡን ስለሰማሁ ሐሙስ ዕለት ዝዋይ ወርጄ ነበር። የደንገሉን መግቢያ የሚያውቅ ጀልባ ያለው ሰው ዛሬም ያው የሚስቴ ወንድም ገመቹ ነው። ስለ ገሠሠ ጥናት ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስለ ወይዘሮ ተሻለች ስነግረው ግን ሳቁን አቋረጠ። ከዚያ ተነሥቶ ጀልባዋን ያጥብ ጀመር፤ ጨርሶም «አንተ ከፊት ካልተቀመጥክ ከደንገሉ አትወጣም» አለኝ። ሽማግሌ ሆኖም ሊመጣልኝ ቃል ገብቷል። ሁለተኛው ጎረቤታችን ኑሬ ነው። ሦስተኛው ቦታ ክፍት ስለሆነ፣ እርስዎና ባለቤትዎ ጀልባ መሳፈራችሁን የማትጠሉት ከሆነ፣ ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከነሱ ጋር ወይዘሮ ተሻለች ቤት ብቅ ይበሉ። እምቢ ካለች ከሦስት ሰው አፍ እሰማዋለሁ፤ ወንበሩንም ለሷ ትቼ እኔ ወዲህ ማዶ እቀራለሁ፤ ገመቹን እኔ አስረዳዋለሁ።

እሺ ካለች ግን ሹመቴን በክብር ለገሠሠ አስረክባለሁ፤ በዕድሜም ይቀድመኛል፣ ጥላውም ይስማማዋል። ድስቱን ሲጠብቅ ግን ሁለት ሰው ይጨመርለት። ለብቻው አደራ ሲሰጡት የሚያደርገውን አይተናል።