ድንጉጧ አክስታችንና የኤክስሬዩ ክፍል

አክስታችን በ1961 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ እንኳን ዘለው ከእናታቸው ቀሚስ ስር ይገቡ ስለነበር ቤተሰቡ "ድንጉጧ" ይላቸው ነበር። ስሙ ተከትሏቸው ሥራ ቦታም ገባ።

ትምህርት ላይ ግን የሚያስደነግጣቸው አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን በፊዚክስ አጠናቀው፣ ኤክስሬይ በብዛት በሚመረትበት አንድ ትልቅ ክብ ሕንፃ ውስጥ በ1988 ዓ.ም. ተቀጠሩ። እሳቸው የሚያጠኑት ከጥፍር የምታንስ ጥቁር ክሪስታል ነበር። ውስጧ እጅግ ጥቃቅን ማግኔቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ኤክስሬዩ ገብቶ አንዱን ሲነቀንቀው ጎረቤቱም ይነቃነቃል፣ የጎረቤቱም ጎረቤት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሞገድ ይሆናል። ኤክስሬዩ ተበትኖ ሲወጣ ጉልበቱ ትንሽ ጎድሎ ነው። አክስታችን ያቺን የጎደለች ጉልበት ለክተው ሞገዱን ያውቁታል። "ሌባውን ባላየውም የወሰደውን አውቃለሁ" ይሉን ነበር።

ኤክስሬዩ ከመለቀቁ በፊት አንድ ሰው ክፍሉን ዞሮ ሰው አለመኖሩን ያያል፣ ማየቱን ለማረጋገጥ ጥግ ላይ ያለውን ቁልፍ ይጫናል፣ ወጥቶ የብረቱን በር ይዘጋል። በ1990 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ የዞሩት የክፍሉ ቴክኒሽያን ነበሩ። "ሰው አለ?" ብለው ጠሩ። አክስታችን ከማቀዝቀዣው ቱቦ ኋላ ተንበርክከው ክሪስታሏን በወረንጦ ይዘዋል። ሰምተዋል። ግን አልመለሱም። ቴክኒሽያኑም ከቱቦው ኋላ አላዩም።

በሩ ተዘጋ። የማስጠንቀቂያው ደወል መጮህ ጀመረ።

አክስታችን እየዳሁ ሄደው ቀዩን የአደጋ ቁልፍ በቡጢ መቱት፤ ኤክስሬዩም ሳይለቀቅ ቀረ። ቴክኒሽያኑ በሩን ከፍተው ሲያዩዋቸው የራሳቸው ፊት አመድ መሰለ።

"ስጣራ ለምን አልመለሽልኝም?"

"ትንፋሼ ክሪስታሏን ያበርራታል ብዬ።"

"ልገድልሽ ነበር እኮ!"

"እሺ፣ ስላልገደልከኝ ደግፈህ አንሳኝ። እግሬ እምቢ ብሏል።"

በ1992 ዓ.ም. ተጋቡ። አክስታችን ለእንግዳ ሁሉ "ሊገድለኝ የነበረውን ሰውዬ ተዋወቁት" እያሉ ነበር የሚያስተዋውቋቸው። ሁለቱም "አንድ ልጅ ይበቃናል" ብለው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ቀልዱ ለእንግዳ ነው እንጂ ከዚያ ወዲያ በሩ በተዘጋ ቁጥር መዳፋቸው በላብ ይርስ ነበር። ቤት ሲመጡ ለእህቶቻቸው "ዛሬም ፈራሁ" ይላሉ፣ ጠዋት ተመልሰው ይሄዳሉ። እንዲህ እየሆኑ ነው ሞገዱን ለክተው ያገኙት።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ልጃቸው ፊዚክስ ጨርሳ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሥራ ስታገኝ አክስታችን ታመው ተኙ። ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸው ያብጣል። ጠያቂው ሁሉ በር ላይ "ኤክስሬዩ ነው የበላት" እያለ ያንሾካሽካል። እኛም ፈራን። አክስታችን ግን ለራሳቸው አልነበረም የፈሩት። ሐኪሟን እጇን ይዘው "እውነቱን ንገሪኝ፣ ኤክስሬዩ ነው? ልጄ ልትገባበት ነው" አሏት።

"አይደለም እናቴ። በልጅነትዎ የታመሙት የጉሮሮ ሕመም ነው የልብዎን በር የጎዳው።"

ሁላችንም ተነፈስን። እሳቸው አልተነፈሱም። ልጃቸውን ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ጀመር። መልስ የምትሰጥበት ቀን ሲደርስ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ካልፈለግሽ እኮ እቀራለሁ።"

"ብትቀሪ ደስ ይለኛል።" ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። "ደስ የሚለው ግን እኔን ብቻ ነው። ደውዪላቸው። እኔም መፍራቴን አልተውም፣ አንቺም መሄድሽን አትተዪ።"

እሷ ስትደውል እሳቸው ላለመስማት ብርድ ልብሱን ተከናንበው ነበር።

አክስታችን በተወለዱ በ55 ዓመታቸው፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ባለቤታቸው አንድ እጃቸውን፣ ልጃቸው ሌላውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሦስት እህቶቻቸውንና ድንጉጧ እያልን ያበሸቅናቸውን እኛን የእህት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ማታ ማታ እያለቀሰች እፈራለሁ ትለናለች። ትሄዳለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ምንም በማያስደነግጥ ቦታ ያሳርፍልን፤ የቀረነውንም አይዟችሁ ይበለን።