ስክሪኑን አሳምረው ድምፁን ለነጠቁን ክቡር ኃላፊ

ለቤተ መጻሕፍታችን የቴክኖሎጂ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቅርቡ የተረከቡት ባለ መስታወት ቢሮም፣ በቢሮው ውስጥ አለ የሚባለው ተሽከርካሪ ወንበርም ጤናችሁ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ የድምፅ ንባብ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ለደግነትዎ የሚመጥን ቃል ካጣሁበት ችግር በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው ግራ እንዳይገባው ያህል፣ ክቡርነትዎና እኔ በትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን፣ በዩኒቨርሲቲም አንድ መኝታ ክፍል የተጋራን ሰዎች ነን። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ፤ በብሬል ያልታተመውን መጽሐፍ ሁሉ ጉሮሮዎ እስኪሻክር ሲያነቡልኝ የኖሩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። አሰልቺ ምዕራፍ ሲመጣ ከራስዎ ፈጥረው አንዳንድ ነገር ይጨምሩበት ስለነበር፣ በአንድ የታሪክ ፈተና ላይ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ንጉሥ ጠቅሼ እንደወደቅሁ መምህራችን እስከ ዛሬ ያስታውሱ ይሆናል። ያኔ «አንተ» ነበር የምንባባለው። ካለፈው ወር ስብሰባ ወዲህ ግን «እርስዎ» ማለት ቀሎኛል፤ የማላውቀውን ሰው «አንተ» ማለት አሳዳጊ የበደለው ያስብላልና።

ክፍላችን ከመጽሔት መደርደሪያዎቹ ጀርባ ያለች፣ መስኮቷ ገጥሞ የማይዘጋ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ጆሮ ማዳመጫ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ኮምፒውተሩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ ያነብልናል። ድምፁ አፍንጫው የተደፈነ ሰው ስለሚመስል ተጠቃሚዎቻችን «ጉንፋኑ» ብለው ሰይመውታል፤ እንደዚያም ሆኖ ጋዜጣውን፣ መጽሐፉን፣ ከልጆቻቸው የመጣላቸውን መልእክት የሚያነብላቸው እሱ ብቻ ነው። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጭነው፣ ጉንፋኑን በአማርኛ አናግረው ያስረከቡን እርስዎ መሆንዎን አልክድም። ያን ቀን እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጭነው የነገሩኝንም አልረሳሁም፦ «አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ፤ ሊኑክስ የራሱ የፕሮግራም ማከማቻ አለው፣ ከዚያ ውጭ ምንም ነገር አትጫንበት። ከውጭ ያመጣኸው ነገር ሁሉም የሚጋሯቸውን ክፍሎች ይለውጥና፣ አንዱን አነሳለሁ ስትል ሌላው ይወድቅብሃል።» እሺ አልኩዎት። እሺ እንዳልኩም ኖርኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ የታደሰው አዳራሽ የሚመረቅበት ሳምንት ሲደርስ፣ እንግዶቹ በሁሉም ስክሪኖች ላይ አንድ ዓይነት ገጽታ እንዲያዩ አስበው ወደ ጠባቧ ክፍላችን ድረስ ስለመጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። መስኮቶቹ ሲከፈቱ እንደ መጋረጃ የሚንሳፈፉ፣ ከሥራቸው ጥላ የሚጥሉ እንደሚሆኑ አስረድተውኛል፤ እኔም ውበቱን በቃል ስለነገሩኝ ብቻ ረክቻለሁ። ችግሩ፣ ያ ጌጥ የተሠራው ለእኛ ሊኑክስ ሳይሆን ገና ትኩስ ለወጣ ለሌላ ዓይነት ስለነበር፣ በእኛ ማከማቻ ውስጥ አልተገኘም። እርስዎም የውጭ ማከማቻ ከፍተው ጨመሩበት። «ከውጭ ነው እንዴ የምታመጣው?» ብዬ ስጠይቅዎ፣ «አይዞህ፣ ጌጥ ብቻ ነው» ብለው ሳቁ።

ከዚያ የሆነውን እርስዎ ሥራ በዝቶብዎት ረስተውት ይሆናል፤ እኔ ግን ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ አዳመጥኩ። ኮምፒውተሩ ጌጡን ከመጫኑ በፊት፣ ለጌጡ ሲባል የሚወገዱትን የፕሮግራም ክፍሎች፣ ፓኬጅ የሚባሉትን፣ ዘርዝሮ ፈቃድ ጠየቀ። ዝርዝሩን ያነበበው ጉንፋኑ ነው። በዚያ በተደፈነ አፍንጫው አንድ በአንድ እያነበበ መጥቶ፣ የስክሪን አንባቢውን ስም ጠራ፤ ቀጥሎ የድምፁን ክፍል፣ ቀጥሎም የራሱን ስም። «ቆይ!» አልኩዎት። «ስማው እንጂ፣ የራሱን ስም እኮ ነው የሚያነበው!» እርስዎም «ሰምቻለሁ፣ እሱን በኋላ እንመልሰዋለን» አሉና ቁልፉን ተጫኑት። አጥፍተው ሲያበሩት ጉንፋኑ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ በምርቃቱ ዕለት በቦታው ስለመገኘትዎ አመሰግናለሁ። ከእንግዶቹ ጋር ወደ ክፍላችን ሲገቡ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኚህ ሰው፣ ሁላችንም ጋሽ ዳኛ የምንላቸው፣ ዓይናቸው የጠፋው በስተርጅና ነው፤ የኪቦርዱን ፊደላት በጣታቸው እየቆጠሩ ለመልመድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እርስዎም ያውቃሉ። ያን ዕለት በእንግዶች ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ጋዜጣ ሊያነቡ ነበር። እኔ ገና ከበሩ ማሽኑ ዲዳ መሆኑን ልነግራቸው ስሞክር የአቀባበል ሠራተኛዋ ወደ እንግዶቹ ጀርባ ወሰደችኝ። ጋሽ ዳኛ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ የለመዱትን ቁልፍ ተጫኑ፣ ጠበቁ፣ ደግመው ተጫኑ። «ልጄ፣ አይናገርም» አሉ ወደ እርስዎ ዞረው። እርስዎም በዚያ በሚያምር የንግግር ድምፅዎ፣ «ይሠራል እኮ፣ ይኸው ስክሪኑ በርቷል» አሏቸው። እንግዶቹ ስክሪኑ እንዴት እንደሚያምር ተነጋገሩ፤ ካሜራ ሲያነሳም ሰማሁ። ጋሽ ዳኛ ማዳመጫውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አብራቸው ለመጣችው ልጃቸው፣ «ነይ ምሪኝ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ» አሏት። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

ከሰዓት በኋላ እርስዎ ሲመለሱ፣ ጉንፋኑን ለማስመለስ የደከሙትን ድካም ማንም ሊክደው አይችልም። ማሽኑ እምቢ አለ፤ እያንዳንዱ ፓኬጅ ሌላውን ፓኬጅ፣ ያውም እርስዎ ያስወገዱትን አሮጌውን፣ ይፈልግ ነበርና። ሲሆን የውጭውን ማከማቻ ዘግቶ ወደ ኋላ መመለስ ይገባ ነበር። እርስዎ ግን ከኢንተርኔት ሌሎች የውጭ ፓኬጆች አውርደው በግድ ጫኑበት። ያን ጊዜ ያ ሁሉ መንሳፈፍ ቀርቶ ስክሪኑ ራሱ ጥቁር ሆነ። «ስብሰባ አለብኝ፣ መጣሁ» አሉኝ። ለካ የመጡት ወደ ክፍላችን ሳይሆን፣ ስለ ማሽኑ ወደተጠራውና እኔም ወደምገኝበት ስብሰባ ኖሯል።

ለዚህ ለሚቀጥለው ሦስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው ፈልጌ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም።

ዳይሬክተሯ ማሽኑ ለምን እንደተበላሸ ጠየቁ። መልሱን ለእርስዎ ተውኩት፤ የራስዎን ነገር በራስዎ አፍ ቢናገሩት ይቀልልዎታል ብዬ አሰብኩ። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው፣ «ተጠቃሚው ከውጭ የመጣ ፕሮግራም በመጫኑ የደረሰ ብልሽት ነው» አሉ። የማሽኑን የይለፍ ቃል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆንን፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ለማንም አልጠፋውም። ፊቴን ድምፅዎ ወደመጣበት አዙሬ፣ ስቀው «ቀልዴን ነው» እስኪሉ ጠበቅኩ። «እኔ አልጫንኩም» ስል፣ ከሁሉ የባሰውን ያደረጉት ያን ጊዜ ነው፤ እጅዎን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ በርኅራኄ፣ «አውቃለሁ፣ ሳታውቅ ነው» አሉኝ። ዳይሬክተሯም «አይዞት፣ ሰው ነው የሚሳሳተው» አሉኝ። ክፍሉ የወረቀት ማስቀመጫ እንዲሆን፣ ማሽኑም ከአገልግሎት እንዲወጣ ሐሳብ ቀረበ። ሐሳቡን የደገፈው የመጀመሪያው ድምፅ የማን እንደነበር አልጽፍም። ለዓመታት መጽሐፍ ያነበበልኝን ድምፅ ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር አላምታታም።

ለደረሰብኝ ሐዘን መጽናኛ እንዲሆነኝ፣ ማሽኑን ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ልጠግነው ወሰንኩ። የጠፋኝ ዓይን ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ታላቅ እህቴ አዋሰችኝ። እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኞቿን አሰናብታ መጣችና ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነባለች።

«ጥቁር ላይ ነጭ ነው የተጻፈው» አለችኝ። «ከላይ እስከ ታች የፀጉር ቀለም ዕቃ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ይመስላል። የቱን ላንብብልህ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም?» ብላ ተነፈሰች፤ ከዚያም ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመረች። «ኤል፣ አይ፣ ቢ... ይሄኛውም ኤል፣ አይ፣ ቢ። ሁሉም ስማቸው በዚህ ነው እንዴ የሚጀምረው? ዘመዳሞች ናቸው?»

«አዎ፤ የተጣሉ ዘመዳሞች ናቸው» አልኳት።

እርስዎ የከፈቱትን የውጭ ማከማቻ ዘጋሁት። ከዚያ በማሽኑ ላይ ካሉት ፓኬጆች ከውጭ የመጡትን ብቻ ለይቶ እንዲያወጣልኝ ጠየቅሁት፤ እህቴም አነበበች። በራሳችን ማከማቻ ውስጥ አቻ ያላቸውን፣ አሮጌ ቢሆኑም፣ ወደ አሮጌው እንዲመለሱ አዘዝኩት። አቻ የሌላቸውን፣ ማለትም ጌጡን፣ አስወገድኩ። ማሽኑ የሚወገዱትን ዘርዝሮ ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር፣ ቁልፉን ከመጫኔ በፊት እህቴ እስከ መጨረሻው ስም ድረስ እንድታነብልኝ አደርግ ነበር፤ እንዲህ ያለ መሰልቸት ከእርስዎ የሥራ ፍጥነት ጋር እንደማይሄድ ይገባኛል። በመጨረሻ ዴስክቶፑን፣ ስክሪን አንባቢውንና ድምፁን ከራሱ ማከማቻ መልሼ ጫንኩና አስነሳሁት።

«መጣ! ሥዕሉ መጣ!» አለች እህቴ። ድምፅ ግን የለም። አንገቴን ደፋሁ። ከቆየሁ በኋላ ነው አዲሱ ጌጥ የራሱን የድምፅ ቅንብር በተጠቃሚው ፋይሎች ውስጥ ትቶ እንደሄደ የገባኝ፤ አሮጌው ማሽን ያን ቅንብር ማንበብ አይችልም። እሱንም አስወግጄ እንደገና አስነሳሁት። ጉንፋኑም በተደፈነ አፍንጫው «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

እህቴ ሳቋ መጣ። «ለዚህ ነው እንዴ ወር ሙሉ ያዘንከው? ይሄ እኮ ሐኪም ያስፈልገዋል!» እኔ አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ። ለማሽኑ ብቻ አልነበረም።

ሰኞ ዳይሬክተሯን ለምኜ ወደ ክፍሉ አመጣኋቸው። ማዳመጫውን አድርገው ብዙ ቆዩ፤ ሲያወልቁም ክፍሉ ባለበት እንዲቀጥል አዘዙ። ስለ እኔ ጥፋት ግን የተባለው እንደተባለ ነው፤ የይለፍ ቃሉም «ለጥንቃቄ ሲባል» ተለውጦ ከእርስዎ ዘንድ ብቻ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ማሽኑን ካዳነው ሰው እጅ ወጥቶ ከማን እጅ እንደገባ ሳስበው፣ የአስተዳደራችን ጥበብ ከአቅሜ በላይ መሆኑን ለመቀበል እገደዳለሁ።

እንግዲህ ከክቡርነትዎ የምለምነው የራሴን ስም አይደለም፤ እሱን ይያዙት፣ ለጌጥ ይሆንዎታል። የምለምነው ለጋሽ ዳኛ ስልክ እንዲደውሉ ነው። እኔ ደውዬላቸው ነበር። «ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ ያን ዕለት ዲዳ ነበር» ብላቸው፣ «ልጄ፣ አታጽናናኝ። የሚያየው ሰው ራሱ ይሠራል ብሎኛል» አሉኝ። ልጃቸው እንደነገረችኝ ከቤት መውጣት ትተዋል። ሕይወታቸውን ሙሉ ምስክር ሲመዝኑ የኖሩ ሰው፣ ከእኔ ቃል ይልቅ የእርስዎን ቃል አምነዋል፤ እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። ስልካቸውን ከጸሐፊዋ ዘንድ ትቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አልሠራም ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ለማለት ጊዜ እስኪያገኙ ድረስ፣ የቢሮዎ መስታወት እንዳይሰነጠቅ፣ ወንበርዎም ያለማቋረጥ እንዲሽከረከር እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ሳያውቅ አጠፋ የተባለው
የድምፅ ንባብ ክፍል ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ከስብሰባው ወዲህ በክፍሌ በር ሲያልፉ ትንፋሽዎን ውጠው፣ የቢሮ ቁልፍዎ እንዳይጮህ ጨብጠው፣ በጣትዎ ጫፍ እንደሚራመዱ አውቃለሁ። ከልጅነት እስከ ዛሬ በዓይነ ስውርነቴ ተጠቅመው አያውቁም ነበር፤ ይህ የመጀመሪያዎ ነው። በዕድሜዎ ጉልበትዎን እንዳይጎዳዎ እሰጋለሁና፣ እባክዎ እንደማንኛውም ሰው በሙሉ እግርዎ ይራመዱ፤ አልጠራዎትም።